ለአዲስ ቤት ጂኦተርማል ማሞቂያ ያዋጣል? ከጋዝ፣ ከፕሮፔንና ከአየር ሂት ፓምፕ ጋር የቀረበ ንጽጽር

ሚኒሶታን በመሳሰሉ ብርዱ በሚከርርባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አዲስ ቤት የሚያሠሩ ቤተሰቦች ለወለል ንጣፍና ለኩሽና ቁም ሳጥን ምርጫ ሳምንታት ሲመድቡ፣ ማሞቂያውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢልደሩ በዝርዝሩ ውስጥ እንዳስገባው ይቀበሉታል። ንጣፍ ካላማረ ይቀየራል፤ መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ቱቦ ግን ቤቱ ካለቀ፣ ሣሩ ከተተከለና የመኪና መግቢያው ሲሚንቶ ከፈሰሰበት በኋላ ልግጠም ቢሉ ወጪው ይንራል። ስለዚህ ጂኦተርማልን መመርመር የሚገባው ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው። መመርመር ማለት ግን መግዛት ማለት አይደለም። ከዚህ በታች በሚቀርበው ስሌት እንደሚታየው፣ ይህ ዘዴ በአንድ ቦታ ለቤተሰቡ በዓመት አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ሲያተርፍ፣ ጥቂት ማይል ርቆ በተሠራ ተመሳሳይ ቤት ግን ከማሞቂያ ቢል ላይ ምንም ላይቀንስ ይችላል። ልዩነቱን በዋናነት የሚፈጥረው በመንገዱ ሥር የጋዝ መስመር መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ጂኦተርማል ሲባል ቶሎ የሚታወሰው በስምጥ ሸለቆ ያለው የአሉቶ ላንጋኖ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቀው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራ ነው። ለቤት ማሞቂያ የሚውለው ግን እንፋሎትም ሆነ ፍል ውሃ አይፈልግም። የሚጠቀመው ከመሬት ወለል ዝቅ በተባለ መጠን የአፈሩና የድንጋዩ ሙቀት እየተረጋጋ ስለሚሄድ፣ 10 ሜትር ያህል ላይም ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ስለማይለዋወጥ ነው። በደቡብ ሚኒሶታ ይህ ሙቀት 9 ወይም 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ 13 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

በተቀበረው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውሃና ወደ በረዶ እንዳይለወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ ተቀላቅሎ ይዘዋወራል፤ ቤዝመንት ውስጥ የተቀመጠው ሂት ፓምፕ ከዚህ ፈሳሽ ሙቀት እየወሰደ፣ በኮምፕረሰር ከፍ አድርጎ ወደ ቤቱ አየር ወይም ወደ ወለል ማሞቂያው ውሃ ያስተላልፋል። በሙቀት ወራት ይኸው ማሽን አቅጣጫውን ገልብጦ የቤቱን ሙቀት ወደ መሬት ይመልሳል፤ ለኤሲ የተለየ ማሽን አያስፈልግም ማለት ነው። ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያጓጉዝ እንጂ የሚያመነጭ ስላልሆነ፣ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ይህ ንጽጽር በባለሙያዎች ዘንድ ሲ.ኦ.ፒ. ይባላል፤ ዝግ ቱቦ ያለውና አየር የሚያሞቅ ማሽን የኢነርጂ ስታርን (የአሜሪካ መንግሥት ለኃይል ቆጣቢ ዕቃዎች የሚሰጠውን) ምልክት ለማግኘት ቢያንስ 3.6 ሲ.ኦ.ፒ. ሊኖረው ይገባል። ይህ የላቦራቶሪ መለኪያ ነው፤ የማዘዋወሪያ ፓምፖቹ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ሲታከል በቤት ውስጥ 3.5 ብሎ ማስላት ይበልጥ ያስተማምናል።

ከዋጋ በፊት የሚመዘኑ መስፈርቶች

የመጀመሪያው መስፈርት ቤቱ በእጅጉ በሚቀዘቅዝበት ቀን ስንት ሙቀት እንደሚፈልግ ነው። በአሜሪካ ይህን ለማስላት የሚሠራበት ደንብ ማንዋል ጄ ይባላል፤ የግድግዳውን፣ የመስኮቱን፣ የጣሪያውንና የአየር ማስገቢያውን መጠን አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንዳንድ ተቋራጮች ይህን ትተው በቤቱ ስኩዌር ፊት ብቻ በግምት ይናገራሉ። ለጋዝ ፈርነስ (ጋዝ አቃጥሎ የቤቱን አየር ለሚያሞቅ ማሽን) ግምቱ ቢበዛ የሚያስከትለው ወጪ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ለጂኦተርማል ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቶን፣ ማለትም 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. በሰዓት ወይም 3.5 ኪሎዋት፣ ተጨማሪ ቁፋሮ ስለሚጠይቅ ስህተቱ በሺዎች ይቆጠራል። ማንዋል ጄ ያልሠራ ተቋራጭ ያቀረበውን ዋጋ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር እንኳ አይገባም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ጥራት ነው። በአዲስ ቤት ላይ ለኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ለሚገባ ንብርብር) እና አየር ለሚያስወጡ ክፍተቶች መድፈኛ የሚወጣ ገንዘብ የሚፈለገውን ማሽን ያሳንሳል፣ ቁፋሮውን ይቀንሳል፣ ከማንኛውም ማሽን በላይም ዕድሜ ይኖረዋል። ለብርድ አካባቢዎች የወጣው የኃይል ቁጠባ የግንባታ ደንብ በብሎወር ዶር ምርመራ (በር ላይ በሚገጠም ማራገቢያ የቤቱን የአየር ማፍሰስ በሚለካው) የቤቱ አየር በ50 ፓስካል ግፊት በሰዓት ከ3 ጊዜ በላይ እንዳይቀያየር ያዝዛል፤ ወደ 1.5 ማውረድ በግንባታ ጊዜ ብዙም ከባድ አይደለም። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚገባው እዚህ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት ወደ ቦታው የሚደርሰው የኃይል ዓይነትና ዋጋው ነው። ሦስተኛው መሬቱ ነው፤ ስፋቱ፣ የአፈሩ ዓይነትና የቁፋሮ መኪና መግባት መቻሉ ይታያል። አራተኛው በቤቱ ውስጥ ለስንት ዓመት ለመኖር እንደታሰበና ተጨማሪው ወጪ በሞርጌጅ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ነው። አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ በአካባቢው ይህን ሥራ በመደበኛነት የሚሠራና ሲበላሽ የሚመጣ ባለሙያ መኖሩ ነው።

የዓመት ወጪ ሲሰላ

ማስታወቂያዎች ጂኦተርማል ቢልን በ70 በመቶ ይቀንሳል ሲሉ ይሰማል። አባባሉ እውነት የሚሆነው ሙቀቱን በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሚያገኝ ቤት ጋር ሲወዳደር ነው። ከሌሎቹ ጋር ለማወዳደር አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ በደቡብ ሚኒሶታ ያለ፣ በደንብ የተሠራ ባለ 2,200 ስኩዌር ፊት አዲስ ቤት በዓመት 18,000 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይፈልጋል እንበል። ኤሌክትሪኩ በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም፣ የተፈጥሮ ጋዝ በቴርም (ጋዝ በሚሸጥበት መለኪያ) 1.20 ዶላር፣ ፕሮፔን በጋሎን 2.50 ዶላር ነው እንበል። እነዚህ ዋጋዎች ለስሌቱ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ቢል ላይ ባለው ዋጋ ሊተካቸው ይገባል።

አንድ ቴርም ጋዝ 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ 95 በመቶ ብቃት ባለው ፈርነስ ሲነድ 27.8 ያህሉ ቤት ውስጥ ይገባል። አንድ ጋሎን ፕሮፔን ደግሞ በዚሁ ብቃት 25.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ለብርድ አገር የተሠራ የአየር ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀቱን ከመሬት ሳይሆን ከውጭው አየር የሚወስድ ማሽን፣ በብርዱ ወራት አማካይ 2.5 ሲ.ኦ.ፒ. ቢሰጥ፣ ጂኦተርማሉ ደግሞ 3.5 ቢሰጥ፣ ውጤቱ የሚከተለው ይሆናል።

| አማራጭ | የመግጠሚያ ወጪ | የ1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ዋጋ | የዓመት የማሞቂያ ወጪ | የማሽኑ ዕድሜ | ኤሲ |
|---|---|---|---|---|---|
| የተፈጥሮ ጋዝ ፈርነስ | ዝቅተኛ | 4.3 ሳንቲም | 780 ዶላር ገደማ | ከ15 እስከ 20 ዓመት | ለብቻው ይገዛል |
| ፕሮፔን ፈርነስ | ዝቅተኛ፣ ታንክ ይጨመርበታል | 9.8 ሳንቲም | 1,760 ዶላር ገደማ | ከ15 እስከ 20 ዓመት | ለብቻው ይገዛል |
| የአየር ሂት ፓምፕ | መካከለኛ | 6 ሳንቲም | 1,080 ዶላር | 15 ዓመት ገደማ | አብሮ አለ |
| ጂኦተርማል | ከፍተኛ | 4.3 ሳንቲም | 770 ዶላር ገደማ | ማሽኑ ከ20 እስከ 25፣ ቱቦው ከ50 ዓመት በላይ | አብሮ አለ |
| ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ | በጣም ዝቅተኛ | 15 ሳንቲም | 2,700 ዶላር | ረጅም | ለብቻው ይገዛል |

ከሰንጠረዡ ሁለት ነገር ጎልቶ ይወጣል። አንደኛው፣ ጋዝና ጂኦተርማል በማሞቂያ ወጪ እኩል መሆናቸው ነው። የራስን ዋጋ ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ የአንድ ቴርም ጋዝን ዋጋ በሳንቲም አስልቶ ለስምንት ማካፈል ነው፤ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ከተገኘው ቁጥር ካነሰ ጂኦተርማል ይረክሳል፣ ከበለጠ ጋዝ ይረክሳል። የጋዙ ኩባንያ በየወሩ የሚጠይቀው ቋሚ ክፍያ በዚህ ላይ መታከሉ መዘንጋት የለበትም፤ ቤቱ ለምድጃም ሆነ ለውሃ ማሞቂያ ጋዝ ካላስገባ ይህ ክፍያ ጨርሶ ይቀራል።

ሁለተኛውና ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው፣ የጂኦተርማል እውነተኛ ተፎካካሪ የአየር ሂት ፓምፕ መሆኑ ነው። ሻጩ ከፕሮፔን ጋር አወዳድሮ በዓመት 990 ዶላር ይቆጥባሉ ቢል ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 680 ያህሉን የአየር ሂት ፓምፑም እጅግ ባነሰ ተጨማሪ ወጪ ያስገኛል። ለጂኦተርማል ብቻ የሚቀረው 310 ዶላር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የመግጠሚያ ልዩነት 20,000 ዶላር ቢሆን በማሞቂያ ቁጠባ ብቻ ከ60 ዓመት በላይ ካልሆነ አይመለስም።

ይህ ማለት ጂኦተርማልን የሚመርጥ ሰው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ በዓመት ቢል የማይታዩ ልዩነቶች አሉ። የአየር ሂት ፓምፕ የውጭው አየር በቀዘቀዘ መጠን ጉልበቱም ብቃቱም ይቀንሳል፤ ለብርድ አገር የተሠራው ዓይነት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ በደንብ ቢሠራም፣ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ በሆነበት የጥር ሌሊት በሚኒሶታ መጠባበቂያ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ጂኦተርማል በዚያው ሌሊት ከመሬት የሚያገኘው ፈሳሽ ከዜሮ ዙሪያ እምብዛም ስለማይርቅ ሥራው ብዙ አይዋዥቅም። ከቤት ውጭ የተቀመጠ ማሽን ስለሌለው በረዶ አይከመርበትም፣ ጎረቤትን አይረብሽም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። የአየር ሂት ፓምፑ በ15 ዓመት ሲተካ የሚወጣው ገንዘብ ልዩነቱን በከፊል ያጠባል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም።

መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነውም አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል። የጋዝና የፕሮፔን ፈርነስ በዋናነት ለአየር ማራገቢያው ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ በትንሽ ጄነሬተር ይሠራል። ሂት ፓምፕ ግን፣ የአየርም ሆነ የመሬት፣ ኮምፕረሰሩን የሚያስነሳ ትልቅ ጄነሬተር ይፈልጋል። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ቤት ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም።

ጂኦተርማል ከተመረጠ፦ የትኛው ቱቦ?

*አግድም ቦይ።* ሰፊ መሬት ላለው ርካሹ አማራጭ ነው። ለአንድ ቶን ከ120 እስከ 180 ሜትር ቱቦ በቦይ ውስጥ ይዘረጋል። በሚኒሶታ የግንባታ ደንብ የሚቆጥረው አፈሩ በብርድ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ጥልቀት በደቡብ 107፣ በሰሜን 152 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ቦዩ ወደ 2 ሜትር ቢጠልቅ ይመረጣል። እርጥብ ሸክላ አፈር ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፤ ደረቅ አሸዋ ግን ደካማ ስለሆነ ረዘም ያለ ቱቦ ይጠይቃል። ለመሠረት ቁፋሮ የመጣው ኤክስካቫተር ገና ቦታው ላይ እያለ ቦዩንም እንዲቆፍር መስማማት የማመላለሻ ወጪን ያስቀራል። በአዲስ ቤት ላይ ብቻ የሚገኝ ዕድል ነው። ቱቦው በተቀበረበት ላይ ወደፊት ጋራዥ መሥራት፣ ሥሩ የሚሰፋ ዛፍ መትከልም ሆነ የፍሳሽ ማስረጊያ መስመር መዘርጋት አይቻልም።

*ቀጥ ያለ ጉድጓድ።* ለከተማ ሎት የሚስማማው ይህ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ጉድጓዶች በ5 ወይም 6 ሜትር ርቀት ይቆፈራሉ፤ ለአንድ ቶን ከ45 እስከ 60 ሜትር ጥልቀት የተለመደ በመሆኑ ባለ 4 ቶን ቤት እያንዳንዳቸው 60 ሜትር የሆኑ ሦስት ወይም አራት ጉድጓዶች ይፈልጋል። የዩ ቅርጽ ያለው ቱቦ ከገባ በኋላ ዙሪያው ሙቀት በሚያስተላልፍ ጭቃ መሰል ድብልቅ ይሞላል፤ ይህ ሙሌት የከርሰ ምድር ውሃን ከላይ ከሚወርድ ብክለትም ይጠብቃል። በሚኒሶታ ሥራው ከጤና መምሪያው ፈቃድና ፈቃድ ያለው ቆፋሪ ይጠይቃል። ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቁፋሮው ስለሆነ፣ በውሉ ላይ ድንጋይ ቢያጋጥም ተጨማሪውን ማን እንደሚከፍል በግልጽ መጻፍ አለበት።

*ክፍት ዘዴ።* ከጉድጓድ ውሃ ስቦ ሙቀቱን ከወሰደ በኋላ ውሃውን መልሶ የሚያስወጣ ነው። በወረቀት ላይ ብቃቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ኢነርጂ ስታር ለዚህ ዓይነት የሚጠይቀው ሲ.ኦ.ፒ. 4.1 ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለአብዛኛው አዲስ ቤት አይመከርም። ብረትና ካልሲየም የበዛበት ውሃ ማሽኑን ይደፍነዋል፤ የሚወጣውን ውሃ የሚቀበል ቦታም ያስፈልጋል። ሚኒሶታ በቀን ከ10,000 ጋሎን ወይም በዓመት ከ1 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ለሚጠቀም ሰው የግዛቱን የውሃ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ በደቂቃ 8 ጋሎን የሚስብ ማሽን በአንድ በጣም ቀዝቃዛ ቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ 11,520 ጋሎን ይደርሳል።

*በኩሬ ውስጥ።* የራሱ ጥልቅ ኩሬ ላለው ሰው ርካሽ ነው፤ ቱቦው ቢያንስ 2.4 ሜትር ከውሃው ወለል በታች መቀመጥ አለበት። ሐይቁ የሕዝብ ከሆነ ግን ከፈቃዱ ጣጣ የተነሣ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ከቱቦው ሌላ ቤት ውስጥ ሙቀቱ የሚሰራጭበት መንገድም መወሰን አለበት። የወለል ማሞቂያ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ውሃ ስለሚሠራ ለጂኦተርማል እጅግ ይስማማዋል፤ ነገር ግን ኤሲ የሚፈልግ ቤት ለቅዝቃዜው ሌላ የአየር ቱቦ ማስገባቱ አይቀርም፣ ይህም ሁለት ወጪ ነው። ለአብዛኛው ቤተሰብ በአየር ቱቦ ብቻ መሥራቱ ይበቃል።

የገንዘቡ ጉዳይ

እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የፌዴራል መንግሥት ለቤት ጂኦተርማል ከወጣው ገንዘብ 30 በመቶውን ከግብር ላይ ይቀንስ ነበር። በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ የቤት ባለቤት ለሚያወጣው ወጪ ይህ ቅናሽ ቀርቷል። አሁንም 30 በመቶ ተቀናሽ አድርጎ ስሌት የሚያሳይ ሻጭ ካለ፣ ቅናሹ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቅ። የአካባቢ ኤሌክትሪክ ኩባንያዎችና በገጠር ያሉ የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራዎች የሚሰጡት ቅናሽ ግን ከፌዴራሉ የተለየ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለሂት ፓምፕ በተለየ ቆጣሪ ዝቅተኛ ታሪፍ ስለሚያስከፍሉ፣ 15 ሳንቲም የነበረው ዋጋ ዝቅ ሲል ከላይ ያለው ሰንጠረዥ ከጋዝና ከፕሮፔን አንጻር ለሁለቱም ሂት ፓምፖች ያደላል። ሎቱን ከመግዛት በፊት እንኳ ለኩባንያው ስልክ ደውሎ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተጨማሪው ወጪ በሞርጌጅ ውስጥ ሲገባ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ራሱን ይከፍላል የሚለው አባባልም በቁጥር ይፈተን። 20,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲከፈል በወር 126 ዶላር ነው። ከፕሮፔን አንጻር የሚገኘው ቁጠባ በወር 83 ዶላር ስለሆነ ክፍያውን አይሸፍንም። ተጨማሪው ወጪ ወደ 13,000 ዶላር ከወረደ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ፤ አግድም ቦይና የኅብረት ሥራ ቅናሽ በአንድ ላይ ሲገኙ እዚህ መድረስ ይቻላል።

ለማን የትኛው?

የጋዝ መስመር ባለበት የከተማ ዳርቻ ለሚሠራና በጀቱ ለጠበበ ቤተሰብ፣ የተሻለ ኢንሱሌሽን ከጋዝ ፈርነስ ጋር፣ ኤሲውን ደግሞ በአየር ሂት ፓምፕ ተክቶ መግጠም ሚዛኑን የጠበቀ ምርጫ ነው፤ በመጠነኛው ብርድ ሂት ፓምፑ፣ በከረረው ጊዜ ፈርነሱ ይሠራል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ ቤቱን ለመሸጥ የሚያስብ ሰው በጂኦተርማል ላይ ገንዘብ ማሠር የለበትም።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚሠሩ በርካታ ወገኖቻችን መልሱ ይለያል። እዚያ ብርዱ ቀለል ስለሚል የአየር ሂት ፓምፕ ብቃቱ ከፍ ይላል፣ የጂኦተርማል ብልጫም ይጠባል። ከማሞቂያው ቢል ይልቅ ጸጥታውንና ረጅም ዕድሜውን የሚፈልግ፣ ቤቱንም ለልጆቹ ለማቆየት ያሰበ ካልሆነ በቀር የአየሩ ሂት ፓምፕ ይበቃል።

ጋዝ በሌለበት፣ ግማሽ ኤከር ወይም ከዚያ በላይ መሬት ላይ፣ ብርዱ በከረረበት አካባቢ ለ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለመኖር ለሚሠራ ቤተሰብ ጂኦተርማል ቦታውን ያገኛል፤ በተለይ አፈሩ ለአግድም ቦይ ከተመቸና ዝቅተኛ ታሪፍ ካለ። ሎቱ ጠቦ ጉድጓድ መቆፈር ግድ ከሆነ ግን ዋጋው ከአየር ሂት ፓምፕና ከፕሮፔን መጠባበቂያ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይታይ።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ ከሦስት ተቋራጮች ዋጋ መቀበል፣ ከእያንዳንዳቸውም የማንዋል ጄን ውጤት፣ የቱቦውን ርዝመት ስሌትና ከሁለት ዓመት በፊት ያሠሩ ደንበኞችን ስልክ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ የጂኦተርማል ሂት ፓምፕ ማኅበር የሚሰጠውን የባለሙያ ምስክር ወረቀት መያዝ አለመያዛቸውም ይታይ። የቱቦው መጋጠሚያዎች በሙቀት የተበየዱ መሆናቸው፣ ከመቀበሩ በፊትም በግፊት መፈተሹ በውሉ ውስጥ ይግባ። የመጨረሻው ክፍያ የሚሰጠው የፈተናው ውጤትና ቱቦው የት እንደተቀበረ በልኬት የሚያሳይ ካርታ ለባለቤቱ ከተረከበ በኋላ ይሁን፤ ከዓመታት በኋላ አጥር ለማቆም የሚቆፍር ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ካርታ ነው።